የሩዋንዳ ባሕታውያን

ሩዋንዳ ተብሎ በሚጠራው በቦሌ ሠፈራችን የሚኖር ሰው አረንጓዴ ነገር ማየት ሲያምረው ወደ ጎረቤቱ ሰገነት አንጋጦ በጣሳ የተተከለውን ጤና አዳም ይመለከታል፤ የወፍ ድምፅ መስማት ሲያምረው ጆሮውን ቢያቀና የሚሰማው ወደ ቦሌ ማረፊያ የሚወርደውን አውሮፕላን ነው፤ ንጹሕ አየር መሳብ ሲያምረው ደግሞ መስኮቱን ከፍቶ፣ በቀለበት መንገድ የሚያልፈውን የሲኖትራክ ጢስ በሙሉ ሳንባው ተቀብሎ፣ መልሶ ይዘጋዋል። ይህን ሁሉ ችሎ ዓመቱን እየገፋ ሳለ ግን ጥር ገብቶ፣ የጥምቀት ልብስ ታጥቦ ከተሰጣ በኋላ፣ በውስጡ አንድ ስሙ የማይታወቅ ነገር ይነሣሣበትና «እስቲ ወጣ ብለን እንምጣ» ይላል። ይህች ቃል በሠፈራችን አንድ ጊዜ ከተነገረች መመለሻ የላትም፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ ኮስተር ይከራያል፣ በግ ይገዛል።

የሚወጣበትም አቅጣጫ ከመነሻው የተቆረጠ ነው ለማለት ይቻላል። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ የሐይቆቹ ዳርቻ በሙሽራና በካሜራ ባለሙያ ስለሚያዝ፣ ያልተሞሸረ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ሥፍራ ያጣል። ላንጋኖም ሠፈርተኛው ሁሉ ደርሶበት የተመለሰበት ስለሆነ ለወሬ አይመችም። ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ ወደ ምሥራቅ ያዘነብልና፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በግራር ቁጥቋጦ መካከል ወደተቀመጠችው ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይሆናል። አዋሽ ሰባት ትንሽ የበረሃ ከተማ ናት፤ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ነጂ ምሳውን የሚበላባት፣ ፍየል ከሰው እኩል በዋናው መንገድ የምትንሸራሸርባት፣ ከቀትር በኋላም ሐሩሩ ነዋሪውን ሁሉ ከጥላ ወደ ጥላ የሚያዛውርባት አገር ናት። ክብሯ ግን በዙሪያዋ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ተከልሎ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የጸናው፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከነፏፏቴው፣ ከነፍል ውኃውና ከነፈንታሌ ተራራው ጎረቤቷ ነው።

በመነኮሳት መጻሕፍት ተጽፎ እንደምናገኘው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ ምድር እነ አባ እንጦንስና እነ አባ መቃርስ ይህን ኃላፊ ዓለም ንቀው፣ ተባሕትዎን መርጠው ወደ ገዳም ሲወጡ፣ ስንቃቸው ደረቅ ቁራሽና ውኃ፣ ጓዛቸውም የለበሱት ልብስ ብቻ ነበር። የሩዋንዳ ባሕታዊ ግን ዓለምን ትቶ አይወጣም፤ ዓለምን በኮስተሩ ጣሪያ ላይ ጭኖ ነው የሚወጣው። ከሰል ከነማንደጃው፣ ጀበና ከነረከቦቱ፣ ቄጠማም ሳይቀር፣ በበረሃው አሸዋ ላይ ይጎዘጎዝ ዘንድ፣ በፌስታል ታስሮ ይጫናል። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የድምፅ ማጉያው ነው፤ ቁመቱ ከሰው ስለማያንስ የአንድ ሰው መቀመጫ ተሰጥቶት ይጓዛል። በጉም ከነሕይወቱ ወደ አርብቶ አደር አገር ይወሰዳል፤ ከረዩና አፋር ፍየልና በግ ሲያረቡ ለኖሩበት ምድር ከቦሌ በግ ጭኖ መሄድ ለቀባሪው እንደማርዳት ነው ቢባል የሚሰማ የለም፤ ኮሚቴው «በዚያ ዋጋው አይታወቅም» ብሎ አስቀድሞ ወስኗል።

ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ለተሽከርካሪ ከተከፈተ ወዲህ ይህኛው ክፍል ለእንቅልፍ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። ከአዳማ ወዲያ ግን ቁልቁለቱ ሲጀምር ሰው ሁሉ ይነቃል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ማለዳ ተሳፋሪው ሁሉ ደርቦና ተከናንቦ ይነሣል፤ አዋሽ ሰባት ደግሞ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች በመሆኗ፣ መንገዱ በወረደ ቁጥር ልብሱም ይወርዳል። በዚህ ጉዞ የሠፈራችንን ሰው ልብሱን ብቻ አይቶ የት እንደደረሰ መናገር ይቻላል፤ ጋቢ ከደረበ ቢሾፍቱ ነው፣ በሹራብ ከቀረ አዳማ ነው፣ በሸሚዝ ከሆነ ወለንጪቲ ነው፣ በካናቴራ ተቀምጦ በጋዜጣ የሚያናፍስ ከሆነ ግን መተሐራ ገብቷል።

መተሐራ ላይ ዐይን የሚይዙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በሰቃ ሐይቅ ነው፤ በ1950ዎቹ ዓመታት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ፣ ያለ ሊዝና ያለ ካርታ ይዞታውን ሲያስፋፋ ኖሮ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ መኪና መንገዱ ከነክብሩ ከፍ እንዲልለት ተገድዷል፤ የቦሌ ሰው ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ በምቀኝነት ይሁን በአድናቆት አይታወቅም። ሁለተኛው ከፈንታሌ ግርጌ የተነጠፈው ጥቁር የድንጋይ ምንጣፍ ነው። ፈንታሌ 2007 ሜትር የሚረዝም እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የተፋው ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ረግቶ፣ እስከ ዛሬ ሣር እንኳ በቅጡ ሳይደፍረው ተኝቷል። ከመካከላችን አንዲት እናት አይተውት «አቤቱ፣ የሲኦል ደጅ ይህን ይመስል ይሆን?» ብለው ሲያማትቡ፣ ሾፌሩ ፍጥነቱን በመጨመር የተስማማ መሆኑን ገለጸ።

ከጉዞው ሁሉ ትምህርት የሚገኝባቸው ሰው ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ያሳለፉ ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሰዓት ሲጠየቁ ዛሬም በፈረንሳይኛ ይመልሳሉ። እንደ ጋሼ አነጋገር አዋሽ ሰባትን ከተማ ያደረጋት ውኃ ወይም ገበያ ሳይሆን የሰው ምሳና እራት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ በየምዕራፉ ከተማ እየዘራ የመጣ ነው፤ በቀድሞው ጊዜም ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ነበር የሚደርሰው። ስለዚህ በጣቢያው አጠገብ ቡፌ ተቋቋመ፣ አልጋ ተነጠፈ፣ ቡገንቪል ተተከለ፤ በዚያም ጥላ ሥር ባለ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ መኳንንቱም ዲፕሎማቱም ነጋዴውም በአንድ ሐሩር እኩል ያልቡ ነበር። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀውን፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ጋሼ ፈጣንነቱን አይክዱም፤ ቅሬታቸው ሌላ ነው። «ባቡር ማለት ሰውን ከቦታ ቦታ ማድረስ ብቻ መሰላቸው» ይላሉ፤ «ባቡር ማለት በመንገድ ላይ እራት አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አስተዋውቆ ማድረስ ነው።»

በፓርኩ በር ሒሳብ ተከፍሎ ጠመንጃ ያነገበ ስካውት አብሮን ይሳፈራል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ የኢላላ ሳላን ሜዳ ያለ እርሱ ማየት ዐይን ሳይገልጡ መጽሐፍ እንደ ማንበብ ነው፤ እኛ ደረቅ ሣርና እሾህ ብቻ በምናይበት ሥፍራ እርሱ በጣቱ እያመለከተ ሳላውን፣ የሜዳ ፍየሉን፣ አምባራይሌውን፣ ከርከሮውንና ሰጎኑን እንደ ወዳጆቹ ስም ይቈጥርልናል። ከእነዚህ ሁሉ የሰውን ልብ የሚሰርቀው ሳላ ነው፤ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተሣለ፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ አቋቋሙም በመንበሩ ላይ የሚቆም ሊቅ የሚመስል ነው። ሳላ ለብዙ ቀን ውኃ ሳይጠጣ ይውላል ያድራል፤ ሐሩሩ ሲበረታም የገላውን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ከፍ እንዲል ትቶ ላቡን ይቈጥባል፤ ማለትም ሌላው ፍጥረት በላብ የሚከፍለውን ዕዳ እርሱ በትዕግሥት ያወራርደዋል። ስካውቱ ይህን ተርኮ ሳይጨርስ ከኋላ ወንበር «ቀዝቃዛ ውኃ አልቋል እንዴ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

በአዋሽ ሸለቆ ሊቃውንትን የሚያስደንቅ ሌላም ነገር አለ። ሁለት የዝንጀሮ ነገዶች፣ ከቆላው የመጣው ባለ ግራጫ ካባውና የወይራ መልክ ያለው ወንድሙ፣ በዚሁ ወንዝ ዳር ተገናኝተው፣ ሽማግሌም ሳይላኩ፣ ጥሎሽም ሳይጠይቁ ተዛምደዋል፤ የልጆቻቸውንም መልክና ጠባይ ለማጥናት የባሕር ማዶ ምሁራን ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሲመላለሱ ኖረዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ሰው ያልቻለውን» ብለው ዝም አሉ፤ ዝም ባሉበትም ስፍራ ማንም ይቀጥሉ አላላቸውም።

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኛም ወጣቶች በገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ማረፊያ እንደደረሱ ማኪያቶ አዘዙ፤ ያውም አንዱ ነጣ ያለ፣ አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዲቱ ደግሞ አረፋው የበዛ። አስተናጋጁ በጨዋነት ሦስቱንም ትእዛዝ በወረቀት ጽፎ ገባና ሦስት ብርጭቆ ጥቁር ሻይ ይዞ ተመለሰ፤ እነርሱም ፎቶግራፍ አንሥተው ጠጡት። ድንኳን ከተተከለበት ከወንዙ ዳር የደረሰው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ሰው ሁሉ በጉን ለማየት ወደ ምድጃው በተሰበሰበበት ጊዜ አንዲት ጦጣ ከግራሩ ቅርንጫፍ ወረደች፤ ግራና ቀኝ ተመልክታ የማቀዝቀዣ ሣጥኑን ክዳን በሁለት እጇ አነሣች፤ ለስላሳውን ገፋ አደረገች፤ ቲማቲሙን አንሥታ አሽትታ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ከአጠገቡ የተቀመጠውን የገንዘብ ያዣችንን ቦርሳ ከፍታ፣ ከውስጡ አንድ ሙዝና አንድ የደረሰኝ ጥቅል አወጣች። ሙዙን ከነልጣጩ ሳይሆን እንደ ሰው ልጣ፣ ቀስ ብላ በላች፤ ደረሰኙን ግን ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። ይህ ከሆነ ወዲህ የጉዞው ሒሳብ ሲጠየቅ ገንዘብ ያዣችን በሐዘን ወደ ሰማይ ከማመልከት በቀር ሌላ መልስ የላቸውም፤ ጦጣይቱም እስካሁን ለኦዲት አልቀረበችም።

ሐሩሩ ያልበቃው ሰው ደግሞ በፓርኩ ሰሜን በኩል ወደሚገኘው ፍል ውኃ ይወሰዳል። ከዘንባባ ሥር የሚፈልቀው ይህ ውኃ ጥርት ብሎ ሰማይን የመሰለ ስለሆነ፣ ከሩቅ ያየው ሁሉ ቀዝቃዛ መስሎት በደስታ ይሮጥበታል፤ እግሩን የነከረ ጊዜ ግን ከሮጠበት በበለጠ ፍጥነት ይመለሳል። እንግዲህ በመንገዱ ሁሉ ላብ እያጠመቀው የመጣን ሰው በሙቅ ውኃ ለመዘፈቅ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ምን አስመጣው ብሎ የሚዘብት ቢኖር፣ ነገሩ ከአባቶቻችን የወረስነው መሆኑን ያስታውስ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽተው ወደ ፍል ውኃ ወርደው፣ ሥፍራውን ወድደው፣ ቤት ይሠራልኝ ባይሉ ኖሮ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ባልኖረች፣ ሩዋንዳም የሚባል ሠፈር ባልተቈረቈረ ነበር። ዋና ከተማችን ራሷ ከሽርሽር የተወለደች ስትሆን፣ ልጆቿን ከቤት ተቀመጡ ለማለት ሥልጣን የላትም።

የጉዞው መጨረሻ ፏፏቴው ነው። የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከኖረ በኋላ፣ ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው፤ በዚህ ሥፍራ ግን ከጥቁሩ ዐለት ላይ ተወርውሮ ሲወድቅ፣ ባሕር አለመድረሱን ፈጽሞ የሚያሳስበው አይመስልም። ሁላችንም በአፋፉ ቆመን ሥነ ፍጥረትን ስናደንቅ፣ ውኃው ከወደቀበት ጥልቀት ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቅ አለ፤ በአዙሪቱ ተይዞ ይዞራል፣ ይሰጥማል፣ ደግሞ ይነሣል። ስካውቱ ለረጅም ጊዜ ተመለከተውና ወደ ጋሼ ዘወር ብሎ፦

«አባቴ፣ ከአዲስ አበባ የትኛው በኩል ነው የመጣችሁት?» አለ።

«ከቦሌ፣ ሩዋንዳ ከሚባለው።»

«እንግዲያው ዕቃችሁ ቀድሟችሁ ደርሷል።»

ሳቅን፤ ነገር ግን የባቡር ሰው መስመር ማወቅ ልማዱ ነውና ጋሼ አልሳቁም። ዱላቸውን አንሥተው በአሸዋው ላይ ይሥሉ ጀመር። ከእንጦጦ የሚወርደው ቀበና በመሐል ከተማ አልፎ፣ ቡልቡላ እየተባለ ከሠፈራችን ሳይርቅ በቦሌ በኩል ይወርዳል፤ ከታላቁ አቃቂም ይገባል፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ አርፎ ወደ አዋሽ ይፈስሳል፤ አዋሽም በ1952 ዓ.ም. በተገደበው በቆቃ በኩል ወንጂን አልፎ፣ የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ እነሆ ከእግራችን ሥር ይወድቃል። በሌላ አነጋገር፣ በየማለዳው ከመስኮት አሻግረን የወረወርነውን፣ ከልብስ ማጠቢያም የደፋነውን ሁሉ፣ መኪና ተከራይተን፣ የመግቢያ ከፍለን፣ ፎቶግራፍ ልናነሣው 225 ኪሎ ሜትር ተከትለን መጥተናል። ልዩነቱ ለእኛ ይህ ውኃ የሚታይ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ ላሉት ለከረዩና ለአፋር ከብት አርቢዎች ግን የሚጠጣ መሆኑ ነው። ለሸንኮራው እርሻና ለፓርኩ ሲባል ከግጦሻቸው ብዙው የተከለለባቸው እነርሱ ናቸው፤ የእኛን ዕጣቢ ማስተናገድ በዚያ ላይ ተጨምሮባቸዋል።

በረሃና ቦሌ ጎረቤታሞች መሆናቸውን የሚመሰክር ይህ ወንዝ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የፈንታሌና የጎረቤቱ የዶፋን ምድር ሌት ከቀን ሲናወጥ ከርሞ፣ በታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ መንቀጥቀጡ በርትቶ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤት ንብረቱን ጥሎ በሜዳ ላይ ሲሰፍር፣ ያው ንዝረት እስከ ቦሌ ዘልቆ የፎቅ ነዋሪውን በውድቅት ሌሊት ከአልጋው አስነሥቶታል። ከስምንተኛ ፎቅ በደረጃ የወረደው ጎረቤቴ ጋቢውን ተከናንቦ በመንገድ ላይ ቆሞ «ምን አደረግነው?» ይል ነበር። እኛ ፈንታሌን ስንጎበኘው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ እርሱ ግን ብድሩን ሊመልስ ሲመጣ ቀጠሮ አልጠየቀም። ያን ጊዜ በሠፈራችን ስለዚያ አገር ሰዎች ኑሮና ስለሚጠለሉበት የተነገረው ወሬ ከዚያ በፊት በሽርሽር ሁሉ ከተነገረው ይበልጥ ነበር።

በመመለሻው መንገድ መተሐራ ላይ ሴቶቹ በየጀሪካኑ የግመል ወተት ይዘው ቆመው ነበርና፣ ሰው ሁሉ ለመድኃኒት ነው እያለ ተሻምቶ ገዛ። ከሠፈራችን በእግር ወደሚደረስባት ወደ ቦሌ ሚካኤል ብንሻገር ያው ወተት በየሱቁ እንደሚሸጥ አንዲት ልጅ ብትናገር፣ እናቷ በክርን ጎሰም አደረገቻት፤ በበረሃ ሐሩር ውስጥ የተገዛ መድኃኒት ከሚካኤል ሱቅ ከተገዛው የበለጠ እንደሚያድን የታወቀ ነውና።

ሽርሽር አይቅር፤ ይልቁንም በደንብ ይሁን። ወደ አዋሽ ለመውረድ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሐሩሩ የሚታገሥ ነው፤ አራዊትን ማየት የሚሻም ጎሕ ሲቀድ ከድንኳኑ ይውጣ፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ የሚያገኘው ሾፌሩን ከጥላ ሥር ተኝቶ ብቻ ነውና። በጉም ፍየሉም ከዚያው ይገዛ፤ ገንዘቡ በአገሩ ይቀራል፣ የኮስተሩ ጣሪያም ያርፋል። የድምፅ ማጉያውን ቤት ትቶ የሄደ ሌሊት ከሩቅ ጅብ ሲጮኽ፣ ከቅርብም ጉማሬ ሲያናፋ ይሰማል።

ጋሼ ከተመለስን በኋላ በተደረገው የሒሳብ ስብሰባ ተነሥተው፣ ከመጪው ዓመት የሽርሽር መዋጮ ሢሶው ለቡልቡላ ዳርቻ ጽዳት እንዲውል፣ ሠፈርተኛውም በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ወንዙ እንዲወርድ ሐሳብ አቀረቡ። ስብሰባው ሐሳቡን በታላቅ ጭብጨባ ተቀብሎ ለንዑስ ኮሚቴ መራው፤ በሠፈራችን ደግሞ አንድን ሐሳብ ያለ ደም ለመግደል ከጭብጨባና ከንዑስ ኮሚቴ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አልተገኘም። ጋሼ ግን የታክሲ ሳይሆን የባቡር ሰው ናቸውና ተሳፋሪ እስኪሞላ አይጠብቁም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ጆንያቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደ ቡልቡላ ወረዱ። እኛም ከየሰገነታችን ሆነን አጨበጨብንላቸው።